አስተርጓሚ ሁለት

ድንቅቱ ነገሳን ቡራዩ ውስጥ በመልክ የሚለያት ሰው ጥቂት ነበር። ድምፅዋን የማያውቅ ግን አልነበረም። የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር፣ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረባት ፒካፕ ውስጥ ተቀምጣ ከኬላ እስከ መልካ ገፈርሳ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥላም በአማርኛ፣ «ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደጅ ጠብቁ» እያለች የምትለፍፈው እሷ ነበረች። ሳትጮህ የሚሰማ ድምፅ ነበራት።

ዘመቻው ግን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ነው። በቀረው ጊዜ ሰበታ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ተሸጦ ብሎኬት ማምረቻ ሲሆን አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ ኦቦ ነገሳ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ከገፈርሳ ግድብ በላይ ገብስና ድንች የሚያበቅል ማሳ፣ ሁለት ላሞችና ብዙ ባሕር ዛፍ አላቸው። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ሳታገባ፣ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ «አልጋሽ እዚያው ነው» አሏት።

በ2007 ክረምት መግቢያ ላይ ዛኪር የሚባል ሰው በአምቦ መንገድ ሲሄድ ከክትባቱ ፒካፕ ኋላ ተያዘ። መቅደም አልቻለም። እስከ ኬላ ድረስ የድንቅቱን ድምፅ ሲሰማ ቆየና ፒካፗ ስትቆም እሱም ቆመና «ሥራ ልስጥሽ» አላት። አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ ሕክምና ማዕከል ከፍቶ ነበር። ሕመምተኛው ካለበት ሆኖ በአጭር ቁጥር ይደውላል፣ ማዕከሉ ያለው ሐኪም ያነሳል፣ ይነጋገራሉ። ዛኪር ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን ነጭ ጋዋን ከወንበሩ ጀርባ ላይ ይሰቅል ነበር።

ድንቅቱ ለሥልጠና በሄደችበት ቀን ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራ ስለ ወደፊቱ አስረዳት። ወደፊት ሰው የሚያስረው ሰዓት ራሱ የልብ ምት ቆጥሮ ለሐኪሙ ይነግረዋል። ወደፊት መድኃኒት ያለ አብራሪ በምትበር ትንሽ አውሮፕላን ደጅ ድረስ ይመጣል። ወደፊት ሐኪሙ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሱሉልታ ያለውን ሰው ሆድ በመስታወት ያያል።

«የሚደውለው ሰው አማርኛ ባይችልስ?» ስትል ጠየቀችው።

ዛኪር ማብሪያውን አጠፋ። «እዚያ ላይ ነው አንቺ የምትገቢው» አላት።

ሕጉ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ አስተርጓሚ በሕመምተኛው አፍ ይናገራል፤ «ራሱን አመመው» አይባልም፣ «ራሴን አመመኝ» ይባላል። ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ አይጨምርም አይቀንስም፤ የራሱ ንግግር ካለው «ይህ የአስተርጓሚው ንግግር ነው» ብሎ ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ ማንንም አያውቅም፣ ማንም እሱን አያውቀውም። ስሙም በቁጥር ነው። ለድንቅቱ የደረሳት ሁለት ነበር። አስተርጓሚ አንድ የተባለው ዓለም ገና የሚኖር ልጅ ነበረ፤ እሷ ከመግባቷ በፊት ሥራውን ለቅቆ ዱከም ፋብሪካ ገብቷል። ስለዚህ ማዕከሉ አስተርጓሚ ሁለት እንጂ አስተርጓሚ አንድ አልነበረውም። ቡራዩ ሙሉ የሚያውቀውን ድምፅ መርጠው ማንም እንዳያውቃት ቁጥር ሰጧት። ዛኪር በዚህ ነገር ላይ ብዙ አላሰበበትም፤ እሷም አላነሳችበትም።

የቢሮ ወንበር ስላልበቃ ከቤቷ እንድትሠራ ተወሰነ። ገመድ የሌለው፣ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከባድ ግራጫ ስልክ ተሰጣት። የድንች ማስቀመጫ የነበረውን ጓዳ አጸዳችና ስልኩን አስቀመጠች። ጓዳውን ከአባቷ መደብ የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ብርድ ይከለክላል፤ ድምፅ አይከለክልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሰበታ አንዲት ሴት ደወለች። ድንቅቱ ደንቡን ጠብቃ፣ በዚያ ሳይጮህ በሚሰማ ድምፅዋ፣ «የወር አበባዬ ከቀረ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ባሌ አላወቀም» ብላ ለዶክተሯ አስተላለፈች።

ኦቦ ነገሳ በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም። ማታ እራት ሲቀርብ «ባልሽ ማን ነው?» አሉ።

«የምን ባል?»

«ያላወቀው።»

ድንቅቱ ሥራዋን አስረዳቻቸው። ስልኩ ላይ «እኔ» የምትለው እሷ እንዳልሆነች፣ የሰው ምስጢር ስለሆነ መስማት እንደሌለባቸው፣ ስልኩ ሲጠራ ወደ ደጅ ቢወጡላት ደስ እንደሚላት ነገረቻቸው። ኦቦ ነገሳ ሁሉንም ሰሙ። «እና ልጅ የለም?» አሉ መጨረሻ ላይ። የለም አለቻቸው። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ከፊታቸው አይታወቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጠራ ቁጥር ዱላቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። ጎረቤት በቀን ስንት ጊዜ ከብት እንደሚያዩ ይገርመው ነበር።

ማዕከሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታነሳው ዶክተር የወይንሐረግ ነበረች። ድንቅቱ በአካል አይታት አታውቅም። ፈጣን ተናጋሪ ናት፤ ሕመምተኛው ሲያንጎራጉር ብዕር ጠረጴዛ ላይ ስትመታ ይሰማል።

ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ የሽማግሌ ነው።

«አካም ጅርቱ» ሲል ሰላምታ አቀረበ። «ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው አለ?»

«ፈያ፣ ሰው አለ። አስተርጓሚ ሁለት ነኝ።»

በዚህ መሃል በስልኩ ውስጥ ውሻ ጮኸ። በድንቅቱ መስኮትም ያው ውሻ ጮኸ። በቀኝ ጆሮዋ ከአዲስ አበባ ዞሮ የመጣውን፣ በግራ ጆሮዋ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰማች። ውሻው የኦቦ ኢቲቻ ነበር።

ኦቦ ኢቲቻ የአባቷ ድንበርተኛ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አብረው ያደጉ ቢሆኑም ሰላም ከተባባሉ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ የባሕር ዛፍ ነው። ኦቦ ነገሳ ድንበሩ ላይ አንድ ረድፍ ተከሉ፤ ዛፉ አደገ፤ ከድንበሩ በታች የነበረች የኢቲቻ ምንጭ ደረቀች። አንዱ ዛፉ ጠጣው አለ፤ ሌላው ምንጭ ሲፈልግ ይደርቃል አለ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ተነሣ። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ድንኳኑ ጥግ ከተቀመጠ ሌላው በተቃራኒው ጥግ ይቀመጣል።

ድንቅቱ ሦስተኛውን ሕግ አሰበች። አስተርጓሚ ማንንም አያውቅም። «ምን ልርዳዎት?» አለች።

ኦቦ ኢቲቻ አስቀድመው አንድ ነገር ማወቅ ፈለጉ። «ሐኪሙ ወንድ ነው?»

«ሴት ናት።»

«አንቺም ሴት ነሽ።»

«አዎ።»

«እሺ» አሉ፣ በሬ ለመሸጥ የተስማማ ሰው በሚለው አነጋገር። ከዚያም ነገሩን አወጡት። ሽንታቸው አልወርድ ይላቸዋል። ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ጠብ ይላል፣ ይቆማል። ሌሊት እየደጋገሙ ይነሳሉ። ድንቅቱ ሁሉንም «ሽንቴ አልወርድ ይለኛል፣ ቆሜ እጠብቃለሁ» እያለች አስተላለፈች። ደግነቱ አባቷ ደጅ ነበሩ።

ዶክተሯ ፕሮስቴት የሚባል እጢ በሽማግሌ ወንድ ላይ እንደሚያብጥ፣ ብዙውን ጊዜ ክፉ እንዳልሆነ፣ ግን ሆስፒታል መጥተው መታየት እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ኦቦ ኢቲቻ እሺ አሉ። አልሄዱም። በሳምንቱ ደግመው ደወሉ፤ ዶክተሯ ደግማ ነገረቻቸው፤ እሺ አሉ፤ አልሄዱም። ሲሰነብት ስልኩን የለመዱ መሰሉ። ሲደውሉ በመጀመሪያ የአዝመራውን ነገር ያነሳሉ፣ ድንቅቱም ለዶክተሯ «ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው» እያለች ታስተላልፋለች፤ ዶክተሯም «ሽንትዎስ?» ትላለች።

አንድ ነገር ድንቅቱን ያስገርማት ነበር። ኦቦ ኢቲቻ አማርኛ ይችላሉ። ኬላ ገበያ ላይ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ አንድ ቃል አይጠፋባቸውም። አንድ ቀን ዶክተሯ የተናገረችው ገና ሳይተረጎም በሳቅ ስለመለሱ፣ አማርኛ ከቻሉ ለምን በአስተርጓሚ እንደሚናገሩ ጠየቀቻቸው፤ ድንቅቱም ጥያቄውን እንዳለ አደረሰች።

«በአማርኛ መሸጥና መግዛት እችላለሁ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «መታመም አልችልም።»

መስከረም ላይ አንድ ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ስልኩ ጠራ። ኦቦ ነገሳ ዱላቸውን አነሱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ዝናቡን አዩ፣ መልሰው ተቀመጡ። ድንቅቱ አላወቀችም። ዶክተሯ በዚያ ቀን ብዕሯን አልመታችም። ኦቦ ኢቲቻ ለምን ሆስፒታል እንደማይሄዱ ልታውቅ ፈልጋ፣ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው።

ኦቦ ኢቲቻ መለሱ፤ ድንቅቱ ሕጉን ጠብቃ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በአማርኛ አስተላለፈች። «ሚስቴ ሞታለች። ልጆቼ ርቀው ነው ያሉት። ነገሳ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ልጅ ሆነን አንድ ኩሬ ውስጥ ነው ዋና የተማርነው። አሁን ሰላም አይለኝም። ብታመም የሚያስታምመኝ እሱ ነበር። ሆስፒታል ብሄድ ከብቶቼን የሚያይልኝ የለም። ዛፉን ቆርጦ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ግን እልኸኛ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ ሳል ተሰማ። ድንቅቱ ያን ጊዜ ገባት። ስልኩን ዘግታ ስትወጣ አባቷ ዝናቡን እያዩ ተቀምጠዋል። ምን ልትል ትችላለች፣ አስተርጓሚ ማንንም አያውቅም።

ኅዳር ሲገባ የማስተር ፕላኑ ነገር አገሩን አመሰው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ላይ የሚያጠቃልል ካርታ ወጥቷል ተባለ። ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሁሉም ስለ መሬቱ ይጠይቃል፤ የሚመልስ የለም። መልካ ገፈርሳ ላይ አንዱ የነገሳና የኢቲቻ ማሳ መንገድ ይሆናል ሲል፣ ሌላው ኮንዶሚኒየም ይሆናል አለ። ካርታውን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ወታደር መጣ። ከታች ሰፈር አንድ ልጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ስሙን ሁሉም ያውቅ ስለነበር ማንም አይጠራውም፤ «ልጁ» ብቻ ይባል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጎረምሶች መንገድ ሊዘጉ መጥረቢያ ይዘው እየዞሩ እንጨት ጠየቁ። ወደ ኦቦ ነገሳም መጡ። ድንቅቱ አባቷ ያባርሯቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ደረቅ ቅርንጫፍ በሰው እጅ ሲያዩ የሚቆጡ ሰው ናቸው።

«ስንት ትፈልጋላችሁ?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ያገኘነውን፣ ኦቦ።»

«ድንበሩ ላይ ያለውን ውሰዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ። አንድም እንዳታስቀሩ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ቆረጡ። ከሰዓት በኋላ ረድፉ በሙሉ አምቦ መንገድ ላይ ተጋድሞ ነበር። ድንቅቱ አባቷን አየቻቸው። «መሬቱ ከሄደ ዛፍ ምን ይሠራልኛል» አሉና፣ ሀብቱን እያስወሰደ ያለ ሰው በማይመስል ዝግታ ወደ ላሞቹ ሄዱ።

በማግስቱ ከቡራዩ የሚወጣም የሚገባም መኪና አልነበረም። ሱቁ ተዘግቷል፤ ከኬላ በኩል ጭስ ይታያል፤ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ዛኪር በምስል ለማከም ያመጣቸው ታብሌቶች ሣጥናቸው ውስጥ ነበሩ። የድምፅ መስመሩ ግን ይሠራል።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጠራ። ኦቦ ኢቲቻ ስለ አዝመራ አላነሱም።

«ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልወጣም» አሉ። «ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ልፈነዳ ነው።»

ድንቅቱ «ልፈነዳ ነው» አለች።

ብዕሩ ቆመ። ዶክተሯ የሽንት ፊኛው መሙላቱን፣ አሁኑኑ በቱቦ መፍሰስ እንዳለበት፣ ቢዘገይ ኩላሊት እንደሚጎዳ ተናገረች። «አምቡላንስ ይላክ። የት ነው ያሉት?»

«ቡራዩ። አምቡላንስ አይገባም፣ መንገዱ በግንድ ተዘግቷል» ስትል ድንቅቱ የኦቦ ኢቲቻን መልስ አስተላለፈች።

«ግንዱን ማን ነው የሚያነሳው?»

ድንቅቱ ይህንን ማስተርጎም እንዳለባት እርግጠኛ አልሆነችም። አስተረጎመችው። ኦቦ ኢቲቻ አቃሰቱ ብቻ።

«ቅርብ ነርስ አለ?» አለች ዶክተሯ። «በእግር የሚደረስበት? ሕመምተኛው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ንገሩኝ።»

«ዶክተር፣ ይህ የአስተርጓሚው ንግግር ነው። ነርስ አውቃለሁ። ሕመምተኛው ያለበትንም አውቃለሁ። ልጠይቃቸው።» ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ዞረች። «ኦቦ ኢቲቻ፣ እኔ...»

«ድንቅቱ» አሉ እሳቸው፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ። «የፖሊዮ መኪና ደጄ ላይ ሲለፍፍ እየሰማሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የገዛ ውሻዬን ደግሞ በስልክ እየሰማሁ ነው። የምታደርጊውን አድርጊ።»

«ከመጀመሪያው አውቀው ነበር?»

«ሰው አይደለሁም እንዴ። ነርሷ ማን ናት?»

«ጁማና። የአህመድ ልጅ።»

አህመድ መልካ ገፈርሳ ላይ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ገመድ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ልጁ ጁማና ኬላ ላይ ባለ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ክሊኒኩ ስለተዘጋ ቤቷ ነበረች።

«የአህመድ ልጅ!» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «ከአባቷ ሱቅ ሚስማር ስገዛ ከረሜላ እሰጣት ነበር እኮ። እንዴት ነው ለሷ...»

ዶክተሯ ምን እንዳሉ ጠየቀች። ድንቅቱ አስተረጎመች። «ንገሪያቸው» አለች ዶክተሯ፣ «ከረሜላውን ትመልስላቸዋለች።»

ድንቅቱ ግራጫውን ስልክ ከጠረጴዛው አነሳች። ባትሪ አለው፤ ብቻ ለመሸከም የተሠራ አይደለም። እንደ ሕፃን ታቅፋው፣ ጆሮ ማዳመጫውን ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ በማሳ በማሳ ወደ አህመድ ቤት ሄደች። አባቷ ከኋላዋ ተከተሏት። የት ልትሄድ እንደሆነ አልጠየቋትም።

ጁማና ነገሩን ስትሰማ ወዲያው ነጠላዋን አነሳች። ዕቃው ክሊኒክ ነበር፤ ክሊኒኩ ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር ነው። አባቷ አህመድ «በጓሮ በር» አለና አብሯት ሄደ። ድንቅቱና ኦቦ ነገሳ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ስልኩ ውስጥ ዶክተሯ አለች፣ ኦቦ ኢቲቻ አሉ፤ አንዱ ያቃስታል፣ አንዷ ትሰማለች። ተኩሱ ሲሰማ በስልኩም ይሰማል። «ይህ ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ። «ከሕመምተኛው ጋር አይገናኝም» አለች ድንቅቱ።

ጁማና ቱቦ፣ ጓንት፣ ጄልና የሽንት ከረጢት በፌስታል ይዛ ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። አራቱም ወደ ኦቦ ኢቲቻ ቤት ሄዱ። ውሻው ኦቦ ነገሳን ሲያይ ይጩህ አይጩህ ግራ ገባው።

ድንቅቱ ደጅ ቀረች። አህመድም ደጅ ቀረ። የኦቦ ኢቲቻን ሞባይል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ጁማና ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት። ኦቦ ነገሳ ገቡ። ወደዚያ ቤት ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው።

ደጅ ለነበሩት ሁሉ ነገር ተሰማ።

«ነገሳ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ፊትህን አዙር።»

«አዙሬያለሁ።»

«ወደ ግድግዳው።»

«ግድግዳ ነው የማየው።»

ዶክተሯ ትዕዛዝ ጀመረች። ጓንት ይጠለቅ፣ ይጸዳ፣ ጄሉ በደንብ ይግባ። ድንቅቱ ደጅ ቆማ እያንዳንዱን ቃል በኦሮምኛ ትደግማለች። ድምፅዋ አንድ ጊዜ በስልኩ ይገባል፣ አንድ ጊዜ በበሩ።

«ድንቅቱ፣ ለኔ አታስተርጉሚ» ስትል ጁማና ጮኸች። «አማርኛው ገብቶኛል። ሁለት ጊዜ እየሰማሁ ነው።»

«ተያት» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «ለኔ ነው።»

ስለዚህ ቀጠለች። ቱቦው ገባ፣ ገባ፣ ቆመ። ጁማና እጇን አቆመች። «አልሄድ አለ፣ ዶክተር» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። ነርስ ትምህርት ቤት ሳለች ያደረገችው በአስተማሪዋ ፊት ነበር።

«አትግፊ» አለች ዶክተር የወይንሐረግ። አሁን ፈጥና አልተናገረችም። «አንድም ጊዜ በኃይል አትግፊ። ጠብቂ። ረጅም አየር ይሳቡ በያቸው። እየተነፈሱ ሲወጡ ቀስ ብለሽ ሞክሪ።»

ድንቅቱ አስተረጎመች። ኦቦ ኢቲቻ ሳቡ። ኦቦ ነገሳም ስልኩን እንደያዙ፣ ግድግዳውን እያዩ አብረው ሳቡ። ድንቅቱም ሳታስበው ሳበች። አህመድ አይኑን ጨፍኖ ዱዓ ያደርጋል።

ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

ለረጅም ጊዜ ወረደ። ኦቦ ኢቲቻ በመጀመሪያ «ዋቀዮ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ፣ ቀጥለው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሕመሙ ሲለቃቸው ነው። ዶክተሯ «ምን አሉ?» አለች። ድንቅቱ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ድምፅዋ አልወጣ አለ። ያ ቡራዩ ሙሉ የሚሰማው ድምፅ። ዶክተሯ ጠበቀች።

«ፈሰሰ፣ ዶክተር» ስትል ጁማና ከውስጥ መለሰች።

ከረጢቱ ሁለተኛ ጊዜ ከተደፋ በኋላ፣ ጁማና ቱቦው እንዴት እንደሚያዝ ካስረዳች በኋላ፣ ኦቦ ነገሳ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ተፈቀደላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ኦቦ ኢቲቻ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «መንገዱን የዘጋው የማን ግንድ ነው?» አሉ።

«የኔ።»

«የቱ?»

«የድንበሩ።»

ኦቦ ኢቲቻ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ። «ያን ጊዜ ብትቆርጠው ኖሮ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ «ዛሬ አምቡላንስ ይገባ ነበር።»

ኦቦ ነገሳ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት የኢቲቻን ከብቶች እሳቸው ያዩ ነበር፤ ከረጢቱንም የሚደፉት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ጉዳይ ከሁለቱ አንዳቸውም ለሰው አላወሩም። ያወራው አህመድ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ኦቦ ኢቲቻ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ገቡ፣ እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ክፉ እንዳልነበረ ተነገራቸው። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። መልካ ገፈርሳ ላይ አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ አላመነም፤ ልጁን የቀበሩት ሰዎች ሬዲዮውን አጠፉት። ምንጯ በዚያ ዓመት አልተመለሰችም። ኦቦ ነገሳ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ በየወሩ በመጥረቢያ ይመቱታል፤ ኦቦ ኢቲቻ አጥሩ ላይ ተደግፈው የሚመቱበትን መንገድ ይነቅፋሉ።

ዛኪር ድንቅቱን አስጠርቶ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነገራት። የመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ሕግ ስለጣሰች ለወደፊቱ እንዳይለመዳት ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩን ግድግዳ ላይ ከሚያበራቸው ሥዕሎች መካከል እንዳስገባው ነው። ድንቅቱ ሥዕሉን አየችው። አንዲት ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት በታብሌት ሽማግሌ ታክማለች። ታብሌቱ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። «ወደፊት» አላት።

በ2009 መስከረም እንደገና ኢንተርኔት ጠፋ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ። የሚደውለው ሰው በረከተ። ማዕከሉ አስተርጓሚዎች መቅጠር ግድ ሆነበት። ድንቅቱ ልታሠለጥናቸው ወደ ሱሉልታ ተላከች። ከቡራዩ ሱሉልታ ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው፤ በየኬላው እየተፈተሸች አረፈደች። አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ይጠብቋታል። ከፊት ወንበር አንዲት አጭር፣ መነጽር ያደረገች ሴት ተቀምጣለች። ድንቅቱ ከሠልጣኞቹ አንዷ መስላት ወደ ኋላ እንድትገባ ልትነግራት ስትል፣ ሴትዮዋ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ መታች።

«ዶክተር?»

«በድምፅሽ ረጅም ነበር የመሰልሽኝ» አለች ዶክተር የወይንሐረግ፣ ተነስታ ስታቅፋት። አናቷ የድንቅቱ ደረት ላይ ደረሰ። «በእርግጥም ረጅም ነሽ።»

ድንቅቱ ሕጎቹን አስረዳች። ሶያማ የምትባል ሠልጣኝ እጇን አወጣች።

«በ‹እኔ› ነው የምንናገረው ብለሻል። ሕመምተኛው ሲያለቅስስ? እኛም እናለቅሳለን?»

አዳራሹ ሳቀ። ድንቅቱ አልሳቀችም፤ ጥያቄውን በቁም ነገር አሰበችበት። ዶክተሯን ዞር ብላ አየቻት።

«አታለቅሱም» አለች። «ትጠብቃላችሁ። ሐኪሙም አብሮ ይጠብቃል።»

ሶያማ ይህን ጻፈች። ከዚያ ሠልጣኞቹ ስለ ምሳ ሰዓት ጠየቁ።